ፍሬን ተይዞ ወደፊት የሄደው ትራክተር

ትራክተር ነድታችሁ የማታውቁ እንዳትቸገሩ፣ መጀመሪያ ስለ እግር ትንሽ ላውራ። ሥራዬ ማስተማር ስለሆነ ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም። ባለቤቴ "አንተ ጨው አቀብለኝ ስትባል ከአፋር ነው የምትጀምረው" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ነገር ግን ይህን ሳላስረዳ ወደ ታሪኩ ብገባ፣ በዚያ እሑድ ሕይወቴ በምን ላይ ተንጠልጥላ እንደነበር አይገባችሁም።

ትራክተር ሁለት የፍሬን ፔዳል አለው። አንዱ የግራውን የኋላ ጎማ ብቻ ይይዛል፣ ሌላው የቀኙን። አስፋልት ላይ ሲወጣ ሁለቱ በአንዲት የብረት ማያያዣ ተቆላልፈው እንደ አንድ ይረገጣሉ። እርሻ ውስጥ ግን ማያያዣዋ ትፈታለች። የግራውን ብቻ ስትረግጡ የግራው ጎማ ቆሞ የቀኙ ይዞራል፤ ትራክተሩም በቆመው ጎማ ዙሪያ እጥፍ ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ይገባል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ትራክተር አንድ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው እግር ላይ ነው። በማርሽ የሚሄደው ትራክተር ላይ ግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ ያርፋል፣ ሁለቱ ፍሬኖች በቀኝ እግር በኩል ናቸው። ማርሽ አስገብታችሁ ግራ እግራችሁን ስታነሱ ይሄዳል። በዘይት ግፊት የሚሄደው፣ እኛ በልምድ "አውቶማቲክ" የምንለው ደግሞ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም። ቀኝ እግር ሲረግጥ ይሄዳል፣ ሲነሳ በራሱ ይቆማል፤ የእኛው ላይ ሁለቱ ፍሬኖች ያሉት በግራ እግር በኩል ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአንዱ ላይ እግር ሲነሳ ይሄዳል፣ በሌላው ላይ እግር ሲነሳ ይቆማል። አንዱን የለመደ ሰው ሌላው ላይ ወጥቶ ድንገት ቢደነግጥ እግሩ እሱን አያማክረውም።

ታደለ እባላለሁ፣ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። አገር ቤት ትልቅ እርሻ ላይ ብዙ ዓመት ትራክተር ነድቼ፣ ጠግኜ፣ በኋላም አስተምሬ ነው ወደ ጁባ የመጣሁት። ከድልድዩ ማዶ ጉምቦ ውስጥ፣ ናይል ዳር ባለ አንድ የአትክልት እርሻ ኦፕሬተሮች እንዳሠለጥንና ሁለት ትራክተሮችን እንድንከባከብ ተቀጠርኩ። ትልቁና አሮጌው በማርሽ የሚሄድ ነው። ትንሹና አዲሱ አውቶማቲኩ ነው።

ያን ጊዜ ማሽን የሚባል ነገር የማይገርመኝ ሰው ነበርኩ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሰዎች እየወጡ ምስክርነት ሲሰጡ አሜን እላለሁ፣ እንባዬም ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ግን ቱታዬን ለብሼ ከብሎንና ከግራሶ ጋር ነኝ። ድንቅ ነገር የእሑድ ነው፣ ማሽን የሰኞ ነው ብዬ በልቤ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ተማሪ ትራክተር ባንድ ጎማው ላይ ሲሽከረከር አይቶ አፉን ቢከፍት "ጥርስ ከጥርስ ተነካክቶ የሚሠራ ነገር ነው፣ ምኑ ያስደንቅሃል?" ብዬ አሾፍበታለሁ።

ከተማሪዎቼ ሁሉ እጇ የተባረከው ኛቦል ናት። ጋምቤላ ነው ያደገችው። እዚያው ተምራ፣ ከእናቷ ጋር ወደ ጁባ ተመልሳ ጉምቦ ትኖራለች። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፣ ሲያሰኛት የጁባ ዓረብኛ ጣል ታደርግበታለች። በአውቶማቲኩ የምታወጣቸው መደቦች በገመድ የተለኩ ይመስላሉ። ትልቁን ግን ነድታው አታውቅም። በጠየቀችኝ ቁጥር "እሱን ገና ነሽ፣ ቆይ አንዱ ይጥናልሽ" እላታለሁ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚማር ሰው እግሩ ይደናገራል የሚል እምነት ነበረኝ፣ አሁንም አለኝ።

ያን እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቶንፒንግ ሰፈር አንድ ወንድም ቤት ምሳ ላይ ነበርን። ገና እጃችንን ታጥበን ሳንቀመጥ የእርሻው ዘበኛ ደወለ። "ሞያ ጌ ጃ" አለኝ፤ ውሃው እየመጣ ነው። ናይል ከላይ በጣለው ዝናብ ሞልቶ የታችኛውን ማሳ መንካት ጀምሯል። ትልቁ ትራክተር ደግሞ ቅዳሜ ዝናቡ ሲበረታ እዚያው ታችኛው ማሳ ላይ ነው ትተነው የወጣነው። ዘበኛው የራሱ ቤት ሸሪካት ሰፈር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ልጆቹን ሊያወጣ መሄዱን ነግሮኝ ዘጋው። ምን ይፈረድበታል።

ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጬ ድልድዩን ስሻገር ወንዙን አየሁት። ቡናማ ሆኖ፣ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ፣ ያለ ድምፅ ይወርዳል። መንገድ ላይ ሆኜ ለኛቦል ደወልኩላት። ቤቷ ቅርብ ስለሆነ ቀድማኝ ደርሳ፣ የጎማ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ጠበቀችኝ።

ታችኛው ማሳ ላይ ውሃው ገና ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ትራክተሩ ባንዴ ተነሳ። ደስ አለኝ፤ ቶሎ ወጥተን ምሳዬ ላይ እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ። መውጫው መንገድ ጠባብ ነው፤ በግራ በኩል የማፋሰሻ ቦይ አለ፣ በቀኝ በኩል ማሳው። ከቦዩ ላይ መንገዱን የሚያሻግር የሲሚንቶ ቱቦ አለ፤ የቱቦው አፍ ላይ ወገብ የሚያህል የሲሚንቶ ግድግዳ ተሠርቷል። ወትሮ በዚያ ቱቦ ውሃ ከማሳው ወደ ናይል ይወርዳል። ያን ቀን ናይል በቱቦው ወደ ማሳው ይገባ ነበር።

ያንን ግድግዳ ገና እንዳለፍኩ ከግራ ኋላ ጎማው ሥር የመንገዱ ዳር ተናደ። ትራክተሩ ዘንበል ብሎ የግራ ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባ። የቀኙ ጎማ ደረቅ መሬት ላይ ነው፣ የግራው ግን ጭቃ ውስጥ በባዶው ይሽከረከራል። ይህ የተለመደ ነገር ነው። ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጠው ሁልጊዜ ለቀለለው ጎማ ነው፤ የሚሽከረከረው ይሽከረከራል፣ መሬት የያዘው ዝም ብሎ ይቆማል። ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያሥረው ፔዳል በዚያ አሮጌ ትራክተር ላይ ከሞተ ቆይቷል። የሚቀረው ዘዴ በአንድ በኩል ፍሬን መያዝ ነው። የሚሽከረከረውን ጎማ ፍሬን ለስለስ አድርጎ ሲይዙት ጉልበቱ መንገድ ሲዘጋበት ወደ ሌላው ጎማ ይሻገራል። ይህን ለተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬ እንዳስረዳሁ።

ይህን ከማድረጌ በፊት ግን ትራክተሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ኋላ ድንጋይ ላስቀምጥ አልኩ። ማርሹን አውጥቼ ፎሌ አደረግሁት፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ወረድኩ። ኛቦል ትልቅ ድንጋይ ተሸክማ መጥታ ከላይ አቀበለችኝ። ጀርባዬን ለሲሚንቶው ግድግዳ ሰጥቼ፣ በጎማውና በግድግዳው መካከል ቁጢጥ ብዬ ድንጋዩን ወሸቅሁት።

መሬቱ ሲከዳ ድምፅ አልነበረውም። የቦዩ ወለል ዝቅ አለ፣ የእጅ ፍሬኑ ተንሸራተተ፣ ያ ሁሉ ጎማ ቀስ ብሎ፣ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሽማግሌ ወደ እኔ መጣ። ልነሳ ስል ቀደመኝ። ግራ ጭኔን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ቆመ። ያስቀመጥኩት ድንጋይ ከሥሩ ስለገባ ነው የቆመው፤ ባይገባ ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም፤ ኛቦል በኋላ እናቴን እንደጠራሁ ነግራኛለች። ዘላ ቦዩ ውስጥ ገባችና ብብቴን ይዛ ጎተተችኝ፣ አልሆነም። በእጇ ከጎማው ሥር ያለውን ጭቃ መቆፈር ጀመረች። ባወጣችው ልክ ጭቃው ይመለሳል፣ እሱ ብቻ አይደለም፣ ጎማው ትንሽ ትንሽ ወደ እኔ ይሰምጣል። ተዪው አልኳት።

ያኔ ነው ውሃውን ልብ ያልኩት። ቁጢጥ እንዳልኩ ስለተያዝኩ ወገቤ ጋ ደርሷል። "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ሲሉ እሰማ ነበር፤ እውነትም ቀስ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ፣ የሸሚዜን ቁልፎች አንድ በአንድ እየቆጠረ ነበር የሚወጣው። መነሳት አልችልም። ውሃው ሲጨምር ደግሞ ጭቃው ይላላል፣ ጭቃው ሲላላ ትራክተሩ ወደ እኔ ይሰምጣል። ወይ ውሃው ይወስደኛል ወይ ጎማው፣ ማን እንደሚቀድም ብቻ ነው ያልታወቀው።

ኛቦል ደወለች። የሥራ ባልደረቦቻችን ሌላ ትራክተር ለምነን ይዘን እንመጣለን አሉ፣ ነገር ግን ገና ከድልድዩ ወዲያ ናቸው፣ መንገዱ ደግሞ በሚሸሽ ሰውና በከብት ተዘግቷል። አውቶማቲኩን አምጥታ እንዳትጎትተው፣ ትንሽ ነው፣ ከጎን ሲስበው ጎማውን ጭኔ ላይ ይጠመዝዘዋል። ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ሁለታችንም አንድ ነገር ማሰብ ጀመርን። ከላዬ ሞተሩ አሁንም በፎሌ እየሠራ ነው።

"ኛቦል" አልኳት፣ "አንቺ ነሽ የምታወጪው።"

"እሱን ነድቼው አላውቅም፣ ጋሽ ታደለ።"

"አውቃለሁ።"

ከዚያ ቦዩን ወጥታ ትራክተሩ ላይ ወጣች። ስትወጣ ክብደቷ ጎማው ላይ ሲጨመር ጭኔ ላይ ተሰማኝ፤ ጥርሴን ነከስኩ። ከተቀመጠች በኋላ እኔን ማየት አትችልም፤ የጎማው ትልቅ መከለያ፣ ፓራፋንጎው ይከልላታል። እኔ ደግሞ ከሥር ሆኜ የማየው የግራ እግሯን ብቻ ነው። በጩኸት ነበር የምንነጋገረው።

መጀመሪያ የሁለቱን ፍሬን ማያያዣ እንድትፈታ ነገርኳት። በጭቃና በዝገት ተጣብቃለች። ወርዳ ድንጋይ ይዛ ወጥታ ስትመታት፣ እያንዳንዷ ምት በብረቱ አልፋ ጭኔ ውስጥ ትገባ ነበር። ተፈታች። ከዚያ ቦት ጫማዋን አውልቃ ወረወረች፤ አንደኛው ከአጠገቤ ውሃው ላይ ወድቆ ተንሳፈፈ። "በባዶ እግሬ ካልሆነ አልሰማውም" አለች።

ቀጥዬ የነገርኳትን አሁንም ሌሊት በሕልሜ እለዋለሁ። ግራ እግርሽ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ይርገጥ። ቀኝ እግርሽ የግራውን ፍሬን ይያዝ፣ ከሁለቱ ወደ ውስጥ ያለውን። አንደኛ ማርሽ አስገቢ። ከዚያ ግራ እግርሽን በጣም በቀስታ አንሺ፣ ቀኝ እግርሽ ግን ከቦታው እንዳይነቃነቅ። ፍሬኑን ከለቀቅሽ ጎማው ይሽከረከራል፣ ጭኔን ይቦጭቀዋል። ፍሪሲዮኑን መልሰሽ ረግጠሽ ፍሬኑን ከለቀቅሽ ደግሞ ወደ ኋላ ይመጣብኛል። የምትደነግጪ ከሆነ ሁለቱንም እግርሽን ባለበት አቁሚው፤ ምንም አታንሺ። ይህን ስነግራት የማዛት ሁሉ እግሯ ከለመደው ጋር የሚጣላ መሆኑን አውቃለሁ። እሷ ፍሬንን የምታውቀው በግራ እግሯ ነው። ስትፈራ የምትድነው ቀኝ እግሯን በማንሳት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። የግራ ተረከዟ ቀስ እያለ ሲነሳ አየሁ፣ ሞተሩ አቃሰተ፣ ትራክተሩ ተንቀጠቀጠ። ፍሬኑን የያዘችው በጣም ላልቶ ስለነበር ጎማው ዞረ። የጎማው ጥርስ ሱሪዬንም ቆዳዬንም ይዞ ወደ ላይ ቦጨቀኝና ጮኽኩ። ጩኸቴን ስትሰማ ግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን መልሶ ረገጠ፣ ቀኙ ደግሞ እንደ ልማዱ ተነሳ። ጎማው ወደ ኋላ መጣ። ጭኔ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ቀኝ እግሯ ተመልሶ ፍሬኑን አገኘው፣ ጎማው ቆመ።

ከላይ ስታለቅስ ይሰማኛል። ውሃው ብብቴ ጋ ደርሷል። ልጸልይ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ቃል አልመጣልኝም። ሃያ ዓመት የዘመርኩትና የጸለይኩት ሁሉ ጠፍቶብኝ "ጌታ" የምትለው አንዲት ቃል ብቻ ቀረችኝ፤ እሷኑ ደጋገምኳት። ልጆቼን አሰብኩ። ትንሿ ልጄ ባለፈው ቀን በስልክ ጥርሷ መነቃነቁን ነግራኝ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ቶሎ ዘግቼባት ነበር። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ የታሰበኝ የእሷ ጥርስ ነው።

ከዚያ የኛቦል ድምፅ ከላይ መጣ። ማልቀስ አቁማለች።

"ጋሽ ታደለ፣ ስማኝ። ቀኝ እግሬ ሲፈራ ይነሳል። እዛኛው ላይ ሲነሳ ስለሚቆም ነው። ስለዚህ አላምነውም። ጉልበቴን በሁለት እጄ ተጭኜ እይዘዋለሁ።"

"መሪውስ?" አልኩ።

"መሪው ቀጥ ብሏል፣ አልነካውም። አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ዝም በል። ስትጮህ እግሬ የሚሰማው አንተን ነው። የፈለገው ቢሆን አትጩህ።"

እንግዲህ አስቡት። የሁለት ዓመት ተማሪዬ ናት። ብወድም ባልወድም የማውቀውን ሁሉ ነግሬያታለሁ፣ የቀረኝ ነገር የለም። "እሺ" አልኳት። የሸሚዜን እጅጌ አፌ ውስጥ ከተትኩና ነከስኩት።

የግራ ተረከዟ መነሳት ጀመረ። ያንን ተረከዝ እስክሞት አልረሳውም። ጭቃ የያዘ፣ ዳርና ዳሩ የተሰነጣጠቀ፣ የሴት ልጅ ተረከዝ። አይኔን ካልተከልኩበት በቀር መንቀሳቀሱ የማይታወቅ እስኪመስል ድረስ በቀስታ ነበር የሚነሳው። ቀኝ እግሯን አላየውም። ምን እያደረገ እንደሆነ የማውቀው ፊት ለፊቴ ካለው ጎማ ነው። ጎማው ከቆመ እግሯ ጸንቷል ማለት ነው።

ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው አቃሰተ። ከጎማው አክስ ውስጥ ፍሬኑ ሲያፏጭ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የማይቋረጥ ፉጨት። ከፊቴ አንዲት የጎማው ጥርስ አለች፣ ጭቃ የሞላባት። እሷን ብቻ አየሁ። ትዞራለች ብዬ ጠበቅሁ። አልዞረችም። ሞተሩ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይገፋል፣ ያ ጉልበት ሁሉ በዚህ ጎማ በኩል ሊወጣ ፈልጎ የኛቦል እግር ከልክሎታል።

ከዚያ ጉልበቱ ሲሻገር ሰማሁት። ይህን እንዴት እንደማስረዳችሁ አላውቅም። ከእኔ በኩል ያለው መንቀጥቀጥ ረገበና ከወዲያኛው በኩል፣ ከማላየው ከቀኝ ጎማው ሥር፣ ደረቅ አፈር ሲጨፈለቅ ሰማሁ። ማርሽ ጥርሶቹን፣ ዘይቱን፣ አክሱን፣ ሁሉንም በስሙ የማውቀው ሰውዬ እዚያ ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ ደነገጥኩ። ፍሬን ተይዞ፣ ጥብቅ ተደርጎ ተይዞ፣ ትራክተሩ ወደፊት ሄደ። ያቺ የጎማ ጥርስ ቀስ ብላ ከፊቴ ራቀች።

መዳኔን ያወቅሁት በውሃው ነው። በጭኔና በጎማው መካከል ቀዝቃዛ ውሃ ገባ። ሊገድለኝ ሲወጣ የነበረው ውሃ ነው መጀመሪያ ነፃ መውጣቴን የነገረኝ። ሰውነቴ በሙሉ ወደ ጎን ተገለበጠ፣ ጠጣሁ፣ አነቀኝ፣ በክንዴ የቦዩን ሣር ይዤ ጭንቅላቴን አወጣሁ። መጮህ እንኳ ብፈልግ ትንፋሽ አልነበረኝም።

ትራክተሩ ግን አልቆመም። የግራ ጎማው የቦዩን ዳር እየቦደሰ ወጣ፣ ሁለቱም ጎማ መሬት ያዙ። ከዚያ ያለማንም ትእዛዝ ፍሪሲዮኑ ተረገጠ፣ ትራክተሩ ቆመ። ያሰብኩት ዘላ ትወርዳለች ብዬ ነበር። አልወረደችም። ዞራም አላየችኝም። ፊቷን ወደፊት እንዳደረገች፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና ተቀምጣ ቀረች።

በሆዴ እየተሳብኩ ከቦዩ ወጣሁ። በመንገዱ ላይ እየተጎተትኩ ከትራክተሩ ጎን ደርሼ መወጣጫውን ብረት በእጄ መታሁት። ያኔ ነው ቀስ ብላ አንገቷን ወደ ታች ያዞረችው። ስታየኝ ፊቷ ላይ የሆነውን ነገር አልገልጸውም፣ አልችልምም። ሞተሩን አጠፋች። ፀጥታው ሲመጣ የወንዙ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማኝ።

ባልደረቦቻችን ሲደርሱ እኔ መንገዱ ላይ ተጋድሜያለሁ፣ እሷ አሁንም ወንበሩ ላይ ነች። እጇን ከጉልበቷ ላይ ማላቀቅ አቅቷት ነበር። አንዷ ሴት ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው የፈታችላት። "ኻላስ፣ ኻላስ" እያለች፣ አለቀ፣ በቃ እያለች።

የጭኔ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር። ጁባ ሆስፒታል ጄሶ ተደረገልኝ፣ ወራት ፈጀ፣ ዳነ። ብርድ ሲሆን ትንሽ ያስነክሰኛል። ትራክተሩም አለ፣ ዛሬም ያርሳል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ብዙ ነገር አልልም። የእሑድና የሰኞ ግድግዳዬ ፈረሰ። አሁን ተማሪ ፊት ትራክተር ሳስነሳ ድምፄ ይለወጣል፣ ወጣቶቹ "ዛሬም ታደለ ስብከት ጀመረ" ብለው ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። ሰው የሠራው ብረት፣ ሌላ ሰው በተሰነጣጠቀ ተረከዝ ሲይዘው፣ ለእኔ ነፍስ መልሶ ሰጥቶኛል። ይህን እያወቅሁ እንዴት ጥርስ ከጥርስ ብቻ ነው ልበል? ማስተማሬም ተለወጠ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ቁልፍ ከማስጨበጤ በፊት "ስትደነግጥ የትኛው እግርህ ነው የሚነሳው?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛው አያውቅም። ሁሉም ሰው ግን ሲፈራ በራሱ የሚነሳ አንድ እግር አለው፤ እናንተም አላችሁ፣ ትራክተር ባትነዱም። የትኛው እንደሆነ ሳትፈሩ በፊት ብታውቁት ደግ ነው። የኛቦል እግር ሳይፈራ ቀርቶ አይደለም። ፈርቷል፣ መነሳቱንም በጭኔ አውቄዋለሁ። ፍርሃቱን አውቃ ነው በሁለት እጇ የያዘችው።

አንድ ነገር ግን ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ያንገበግበኝ ነበር። በማግስቱ ጭማቂ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ቀኝ እግሯ ጡንቻው ተኮማትሮ እያነከሰች ነው የገባችው፤ አነካከሳችን እኩል ነው ብለን ትንሽ ሳቅን። ከዚያ ጠየቅኳት።

"ከወጣሁ በኋላ ለምን ዞረሽ አላየሽኝም?"

የጭማቂውን ክዳን ከፈተች፣ መልሳ ከደነችው።

"ዝም በል አልኩህ፣ ዝም አልክ" አለች። "ከዛ ሞተሩ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ታቃስታለህ ብዬ ስጠብቅ ምንም የለም። ሞቷል አልኩ። ስዞር ሬሳህን እንዳላይ ፈራሁ።"

እጅጌዬን ነክሼ እንደነበር ነገርኳት። አልሰማሁም አለች።

"መቼ ነው ሞቷል ያልሽው?"

"ገና ሳይንቀሳቀስ። ገና ፍሪሲዮኑን ማንሳት ስጀምር።"

ያንን ሁሉ ጊዜ አሰብኩት። ሞተሩ ሲያቃስት፣ ፍሬኑ ሲያፏጭ፣ ተረከዟ በዚያ ሁሉ ቀስታ ሲነሳ፣ እኔ በሕይወት ያለሁት በእሷ እግር ነበር፣ እሷ ደግሞ የሞተ ሰው ላይ የተቀመጠች መስሏት ነበር።

"ታዲያ ሞቷል ካልሽ ለምን አልለቀቅሽውም?" አልኳት።

ኛቦል ጥያቄው የገባት አትመስልም ነበር። አየችኝ።

"ሞተህ ከሆነ ባነሳውም ባላነሳውም ያው ነው" አለች። "ካልሞትክ ግን ያለኸው እግሬ ላይ ነው።"